ልብ ሲቆም እጅ አይቁም

በዛሬው ጽሑፌ የማነሳላችሁ ጉዳይ የሐኪሞች ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ የእናንተም፣ የእኔም፣ ጎረቤታችንም ጉዳይ መሆኑን ታዩታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ጠዋት ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየላኩ ለዛሬው ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ከዙህር ሶላት እንደተመለሱ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ላብ አጠመቃቸው፤ ግራ ክንዳቸው ከበዳቸው። ተደጋግፈን ሆስፒታል አደረስናቸውና አልጋ ያዙ። እኔም አስታማሚ ሆኜ ከአልጋቸው ሥር ጋቢ አንጥፌ አመሸሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ውሃ ጠየቁኝ። ብርጭቆውን ይዤ ስመለስ ዓይናቸው አንድ ቦታ ፈጥጦ ቀርቷል። እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ አንድ ሁለቴ አሰሙና ጸጥ አሉ። «ሲስተር! ሲስተር!» እያልኩ በኮሪደሩ ሮጥኩ። ተረኛዋ ነርስ ወዲያው መጣች። የእጃቸውን ትርታ ፈለገች፤ አንገታቸውን ዳሰሰች፤ ተመልሳ እጃቸውን ያዘች። ከዚያም ሐኪም ልትጠራ ሄደች።

አንድ ወጣት ሐኪም እየሮጠ መጣና ደረታቸውን ይጫን ጀመር። ፍራሹ ለስላሳ ስለነበር በተጫናቸው ቁጥር ከነፍራሹ ወደ ታች ይሰምጣሉ። ጥቂት ይጫንና ያቆማል፤ ትርታ ያዳምጣል፤ እንደገና ይጀምራል። አምቡ ባግ የሚባለው አየር መስጫ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉም ከሌላ ተረኛ ዘንድ ነው ተባለ። ቁልፉ ተፈልጎ እስኪመጣ ሐኪሙ ብቻውን ደክሞ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ነበር። በመጨረሻ ሰዓቱን ተመለከተና «ወንድሜ፣ ያጽናህ» አለኝ።

አክስቴ ሲነጋ ደረሱ። አቅፈውኝ «አጀላቸው ነው ልጄ፤ የተጻፈው አያልፍም» አሉኝ። አምኜ ተቀበልኩ፤ ዛሬም አምናለሁ። በዚያ ሌሊት ግን አንድ ጥያቄ ወደ ልቤ አልመጣም። የተደረገላቸው ነገር መደረግ የሚገባው ነበር ወይ? መሆን የሚገባውን የማያውቅ ሰው የጎደለውን ሊያውቅ አይችልምና ሳልጠይቅ ዓመታት አለፉ።

የፕላስቲክ ሰው ያስተማረኝ

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለመምህራን የአንድ ቀን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ተዘጋጀ። አሠልጣኙ ከወገብ በላይ የሆነ የፕላስቲክ ሰው ወለል ላይ አጋደመና በየተራ ደረቱን እንድንጫን አዘዘን። በትክክለኛው ጥልቀት ሲጫኑት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል። እኔ ተራዬ ደርሶ በሙሉ ኃይሌ የተጫንኩ መሰለኝ፤ ድምፅ ግን አልነበረም።

«መምህር፣ ክርንዎ አይታጠፍ! ትከሻዎን ከእጅዎ በላይ ያድርጉ፤ በክንድዎ ሳይሆን በክብደትዎ ይጫኑ!» አለኝ። እንዳለኝ ሳደርግ ቀጭ አለ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሼ አጠረ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ድምፁ መልሶ ጠፋ፤ እኔ ግን መድከሜን እንኳ አላስተዋልኩም ነበር።

ያን ጊዜ ያ ወጣት ሐኪም ትዝ አለኝ። ከአጎቴ ጀርባ ሥር ጠንካራ ሰሌዳ አልነበረም። የሚተካው ሰው አልነበረም። እኔ ጉልበት ያለኝ ሰው አጠገቡ ቆሜ የአጎቴን እግር ይዤ ነበር። ባውቅ ኖሮ ሲደክመው እተካው ነበር። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ሐኪም ላይ ለመፍረድ አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ ሥራውን የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ እኔ ነበርኩ።

ለመሆኑ ልብ ሲቆም ምን ይሆናል?

ልብ ደም የሚረጭ ፓምፕ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆና በካይሮ የኖረው ዕውቁ ሙስሊም ሐኪም ኢብኑ ነፊስ ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ሳንባ እንደሚሄድ፣ እዚያ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ግራው ክፍል እንደሚመለስ ገልጾ ጽፏል። ልብና ሳንባ የማይነጣጠሉ ሸሪኮች ናቸው። አንደኛው ሲቆም ሌላውም ብዙ ሳይቆይ ይቆማል።

ልብ መምታቱን ሲያቆም ሰውዬው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። አንጎል ኦክስጅን ሳያገኝ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ከቆየ ጉዳት ይጀምረዋል። ብዙ ጊዜ ልቡ ቀጥ ብሎ ከመቆሙ በፊት ሥርዓቱ ተዛብቶ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለውን ልብ ወደ ሥርዓቱ የሚመልሰው ዲፊብሪሌተር የተባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ምንም እርዳታ ሳይደረግ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል።

ታዲያ ደረት መጫን ምን ይጠቅማል? ስንጫን በደረት ውስጥ ያለው ደም ተገፍቶ ወደ አንጎልና ወደ ሌላው አካል ይሄዳል። ስንለቅ ደግሞ ልብ በደም ይሞላል፤ የልብ ጡንቻም ራሱ ደም የሚያገኘው በዋናነት በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ መልቀቁ የመጫኑን ያህል ሥራ ነው። በመጫኑ የሚገኘው የደም ግፊት ቀስ በቀስ የሚገነባ ሲሆን፣ እጃችንን ባነሳን ጊዜ ወዲያው ይወድቃል። እንደገና ስንጀምር ከዜሮ መነሳት ይኖርብናል። በዚያ ሌሊት የነበረው መጫንና ማቆም፣ መጫንና ማቆም ምን ያህል ጎጂ እንደነበር የገባኝ ይህን ስማር ነው።

ከመሐንዲስና ከአሻንጉሊት ሠሪ የመጣ ጥበብ

ይህ ዘዴ ዕድሜው ረጅም አይደለም። ከዚያ በፊት ሐኪሞች የቆመን ልብ ለማስነሳት ደረትን በቀዶ ሕክምና ከፍተው ልቡን በእጃቸው ይጨምቁ ነበር። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበሩት ዊልያም ኩወንሆቨን ከዶክተር ጄምስ ጁድና ከወጣቱ ተመራማሪ ጋይ ኒከርቦከር ጋር የኤሌክትሪክ መሣሪያውን በውሾች ላይ ይሞክሩ ነበር። ኒከርቦከር ከባዱን መሣሪያ ደረቱ ላይ ሲጫነው የውሻው የደም ግፊት ከፍ ሲል አስተዋለ። ለካስ ደረቱን ሳይከፍቱም ደሙን ማንቀሳቀስ ይቻላል! እ.ኤ.አ. በ1960 በ20 ሕሙማን ላይ የተገኘውን ውጤት አሳተሙ፤ ከእነዚህ ውስጥ 14ቱ ተርፈዋል። በዚያው ዘመን ዶክተር ጄምስ ኤላምና ዶክተር ፒተር ሳፋር ከአፍ ወደ አፍ የሚሰጥ ትንፋሽ ሕይወት እንደሚያቆይ አረጋግጠው ነበር። ሁለቱ ዘዴዎች ተጣምረው ዛሬ ሲ.ፒ.አር. የምንለው እርዳታ ሆኑ።

ያ እኔን ያስተማረኝ የፕላስቲክ ሰውስ ከየት መጣ? ኦስሙንድ ሌርዳል የተባለ የኖርዌይ አሻንጉሊት ሠሪ ነው የሠራው። ገና ሕፃን የነበረ ልጁን ውሃ ሊያሰጥመው ሲል ያተረፈ አባት ነበርና፣ ለሐኪሞቹ ጥያቄ እሺ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1960 የመለማመጃ አሻንጉሊቱን አወጣ። አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ተማሪና አንድ አሻንጉሊት ሠሪ ከሐኪሞች ጋር ሆነው ስንቱን ቤት ከለቅሶ አዳኑ!

ወጣቶቻችን አንድ ነገር ሳታስታውሱ አትቀሩም። ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. በአውሮፓ ዋንጫ ዴንማርክ ከፊንላንድ ጋር ኮፐንሃገን ላይ ስትጫወት ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ሜዳ ላይ ተዘረረ። ልቡ ቆሞ ነበር። እዚያው ሣሩ ላይ ደረቱን ተጫኑለት፤ በዲፊብሪሌተርም ልቡን መለሱት። ስምንት ወር ያህል ቆይቶ ለብሬንትፎርድ ተሰልፎ ተጫወተ። ሰዎች ዕድለኛ ነው አሉ። አዎን፣ ነገር ግን አጠገቡ የነበሩት ሰዎች የሚያደርጉትን አስቀድመው ተለማምደውት ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሲሆንስ?

አንባቢ ሆይ፣ «ሜዳ ላይ እንዲህ ከሆነ ሆስፒታል ውስጥማ ምን ሥጋት አለ?» ትል ይሆናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የተለካው ግን ሌላ ነገር ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ልባቸው የቆመ 67 ሕሙማን የተሰጣቸውን እርዳታ በመሣሪያ ለክቷል። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች በ30 ሰከንድ ተከፋፍለው ሲታዩ፣ ከክፍሎቹ በ28 በመቶው ፍጥነቱ በደቂቃ ከ90 በታች ነበር። በ37 በመቶው ጥልቀቱ ከሚፈለገው ያነሰ ነበር። በ61 በመቶው ደግሞ አየሩ በደቂቃ ከ20 ጊዜ በላይ ይሰጥ ነበር። አየር ሲበዛ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመጠን ያለፈ አየር የደረትን ውስጣዊ ግፊት ስለሚጨምር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይከለክላል። እንግዲህ ልብ በሉ! ይህ የሆነው መሣሪያ በተሟላበት፣ ባለሙያው ሁሉ የምስክር ወረቀት በያዘበት አገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት 369 የአሜሪካ ሆስፒታሎችን ተመልክቷል። በኤሌክትሪክ ሊመለስ የሚችል የልብ መዛባት ከገጠማቸው 6,789 ሕሙማን መካከል 30 በመቶዎቹ መሣሪያው የደረሰላቸው ከ2 ደቂቃ በኋላ ነበር። በ2 ደቂቃ ውስጥ ከደረሰላቸው 39 በመቶዎቹ ተርፈው ወደ ቤታቸው ሲገቡ፣ ከዘገየባቸው መካከል የገቡት 22 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው።

እነዚያ ሆስፒታሎች ግን ጉድለታቸውን አልሸሸጉትም። እየለኩና እየመዘገቡ፣ ከእያንዳንዱ አጋጣሚ በኋላ ቁጭ ብለው «ምን ጎደለ?» እየተባባሉ ሠሩ። በዚህ መዝገብ ውስጥ በነበሩ ሆስፒታሎች ልባቸው ቆሞ ተርፈው ወደ ቤት የሚመለሱት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 14 ያህል ነበሩ፤ በ2009 ከመቶ 22 ደረሱ። እውነቱን እንናገር፤ ሁሉም ነገር በትክክል ቢሠራም አብዛኞቹ አይተርፉም። ነገር ግን ከመቶ ሰው የስምንት ሰው ልዩነት ማለት የስምንት ቤተሰብ ልዩነት ነው።

አንድ ጊዜ የተማሩት ለምን ይጠፋል?

ያንን ሥልጠና በጨረስኩ በስድስተኛው ወር አሠልጣኙ ትምህርት ቤታችን ተመልሶ መጣና ያለ ማስጠንቀቂያ ፈተነን። እጄን የት እንደማሳርፍ አስታወስኩ። ፍጥነቱ ግን ጠፍቶብኛል፤ ደረቱን ሙሉ በሙሉ መልቀቅም ረስቻለሁ። ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት የምስክር ወረቀት ግን እንደተሰቀለ ነው!

ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። ይህ ችሎታ ከሥልጠና በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየደበዘዘ እንደሚሄድ በብዙ አገር በባለሙያዎች ላይ ተረጋግጧል። የምስክር ወረቀቱ ግን በተለምዶ የሚታደሰው በየ2 ዓመቱ ነው። ቁርኣን ቤት የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሒፍዝ ካልተከለሰ እንደሚያመልጥ ኡስታዞቻችን በየቀኑ ሲያስከልሱን ያስተማሩን ነው። እጅም እንደ ምላስ ሙራጀዓ ይፈልጋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምናገኘው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። ከአሥር ሕፃናት አንዱ ያህል ሲወለድ መተንፈስ ለመጀመር እገዛ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሕፃናት እንዲተነፍሱ የመርዳት ሥልጠና በልዩ ልዩ አገሮች ሲጀመር ታንዛኒያም ተቀበለችው። በሰሜን ታንዛኒያ ገጠር በሚገኘው ሃይዶም ሆስፒታል ለአዋላጆች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጠ። በአሻንጉሊቱ ላይ ሲፈተኑ ችሎታቸው ተሻሽሎ ተገኘ። በማዋለጃ ክፍል በእውነተኞቹ ሕፃናት ላይ ግን አሠራሩ አልተለወጠም። የሆስፒታሉ ሰዎች ተስፋ አልቆረጡም። አሻንጉሊቱን እዚያው ማዋለጃ ክፍል አስቀምጠው በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ፣ በየወሩ ደግሞ ትንሽ ረዘም ያለ ልምምድ ማድረግ ጀመሩ። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ከሺህ 11 ከነበሩበት ወደ 7 ወረዱ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አዲስ ሕንፃ አልተሠራም፤ ውድ ማሽን አልተገዛም። የተጨመረው ክለሳ ነው።

እኛ ዘንድ ምን ይደረግ?

በአገራችን የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ትምህርት ሆኖ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሙያው ለጋ ነው። ባለሙያው ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ፣ ሌሊቱ ረጅም መሆኑን አስታሞ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በአንድ ጀምበር ሁሉም ይሟላ አንልም። ነገር ግን ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። አምቡ ባግ የተቀመጠበት ቁም ሣጥን አይቆለፍ። በየክፍሉ ከሕመምተኛ ጀርባ ሥር የሚገባ አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ይኑር። በየተረኛው ቅያሬ የድንገተኛ ዕቃው ይቆጠር። ማን ይጫናል፣ ማን አየር ይሰጣል፣ ማን ሰዓት ይይዛል የሚለው ልብ ከመቆሙ በፊት ይወሰን። ካለፈም በኋላ፣ ሕመምተኛው ቢተርፍም ባይተርፍም፣ ሠራተኞቹ ለአምስት ደቂቃ ተቀምጠው ይነጋገሩበት። አለቃው ለቁጣ ሳይሆን ለመማር ካነሳው ጉድለት ይታረማል።

እኛም አስታማሚዎች አደብ ባለው አንደበት መጠየቅ እንችላለን። «ሲስተር፣ በሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር ማንን ልጥራ? የት ነው የምሮጠው?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም። ጮኸንና ተሳድበን የምናተርፈው ግን ባለሙያውን ማስደንገጥ ብቻ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። የመስጊድ ኮሚቴዎቻችን፣ እድሮቻችን፣ የመድረሳ ወላጆች ኮሚቴዎች ለምን አሠልጣኝ አይጋብዙም? ለአካባቢ ሆስፒታል ወይም ለትምህርት ቤት አንድ የመለማመጃ አሻንጉሊት መግዛት ትርፉ የማይቋረጥ ሰደቃ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ።

እቤት ውስጥ ሰው ሲወድቅ

የብዙ ሰው ልብ የሚቆመው በገዛ ቤቱ፣ በቤተሰቡ ፊት ነው። ስለዚህ የሚከተለውን አንብባችሁ ለልጆቻችሁም ንገሯቸው። በእጅ የሚሰጥ ሥልጠናን አይተካም፤ ምንም ካለማድረግ ግን እጅግ ይሻላል።

በመጀመሪያ ቦታው ለእናንተም አደጋ እንደሌለው አረጋግጡ። ትከሻውን መታ መታ እያደረጋችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ ልቡ ቆሟል ብላችሁ ያዙት። እንደ ማንኮራፋት ወይም እንደ ሲቃ አልፎ አልፎ የሚወጣ ድምፅ መተንፈስ አይደለም። አጎቴ ያሰሙት ያ ድምፅ እኔን አታሎኛል፤ እናንተን አያታላችሁ።

ቀጥሎ ጎረቤት ጥሩ፤ አንዱ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939ም አለ። ሰውዬውን ከአልጋ አውርዳችሁ በጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው አስተኙት። የአንድ እጃችሁን መዳፍ ተረከዝ በደረቱ መካከል፣ በደረት አጥንቱ የታችኛው እኩሌታ ላይ አሳርፉ፤ ሌላውን እጅ ከላይ ደርቡ። ክርናችሁ አይታጠፍ። ለአዋቂ ሰው ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር እስኪሰምጥ ድረስ ተጫኑ፤ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው፤ በአንድ ሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ማለት ነው። የጎድን አጥንት ሲሰበር ብትሰሙ አትደንግጡ፤ አጥንት ይጠገናል። በየ2 ደቂቃው ሳትዘገዩ ተቀያየሩ። ትንፋሽ መስጠት የተማረ ሰው ካለ ከ30 መጫን በኋላ 2 ትንፋሽ ይስጥ፤ ከሌለ መጫኑ ብቻ ይቀጥል። ውሃ የበላው ሰውና ሕፃናት ግን ችግራቸው የሚጀምረው ከትንፋሽ ነውና ትንፋሽ በእጅጉ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ለመማር ነው ሥልጠናው የሚፈለገው። ባለሙያ እስኪደርስ ወይም ሰውዬው እስኪነቃ ድረስ እጃችሁ አይቁም።

«ሴት ብትሆንስ?»

ይህን በክፍሌ ውስጥ ሳስተምር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፣ የወደቀችው አጅነቢ ሴት ብትሆንስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሰሜን አሜሪካ የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው በአደባባይ ልባቸው ከቆመ ወንዶች 45 በመቶው በአካባቢው ከነበሩ ሰዎች እርዳታ ሲያገኙ፣ ከሴቶች ያገኙት 39 በመቶው ናቸው። ስለዚህ በሌላውም ዓለም ሰው የሴትን ደረት ለመንካት እጁ ያመነታል፤ በመሐሉ ሴቲቱ ትሞታለች።

በመድረሳ የተማርነው ግልጽ ነው። ሸሪዓችን ሊጠብቃቸው ከመጣባቸው አምስት ታላላቅ ጉዳዮች አንዱ ነፍስ ነው። በሌላ ጊዜ የተከለከለ ነገር በዶሩራ፣ ማለትም ግድ ሲሆን፣ በሚያስፈልገው ልክ እንደሚፈቀድ የፊቅህ ሊቃውንት ያስቀመጡት መሠረታዊ ደንብ ነው። ሴት ካለች ሴት ትርዳት፤ ከሌለች ግን መሐረምን ፍለጋ መሮጥ ደቂቃ ይፈጃል፤ ደቂቃው ደግሞ የእሷ ነው። ልብሷን በላይዋ መከለል፣ ሰዉን ዘወር ማድረግ ይቻላል። ለዚሁም ሲባል እህቶቻችንና እናቶቻችን ይህን እርዳታ ቀድመው ሊማሩ ይገባል። ለተማሪዬ የመለስኩለት ይህንኑ ነው። «እናትህ ብትወድቅ የማያውቅህ ሰው ምን እንዲያደርግላት ትፈልጋለህ?» ስለው ክፍሉ ጸጥ አለ።

አጀልና ሰበብ

ባለፈው ዓመት አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ይህን ሁሉ አጫወትኳቸው። ስለ ፍራሹ፣ ስለ ቁልፉ፣ እኔም ቆሜ ስለማየቴ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ታዲያ ይተርፉ ነበር ወይ?» አሉኝ። «አላህ ነው የሚያውቀው» አልኳቸው። ከዚህ ሌላ እውነተኛ መልስ የለኝም። ከዚያም «አጀሉስ የአላህ ነው። ቁልፉ ግን የሰው ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የእሳቸው ቃል ከአእምሮዬ አልጠፋም። ሞትና ሕይወት በአላህ (ሱ.ወ.) እጅ መሆኑን ማመን የኢማናችን መሠረት ነው። ይህ እምነት ግን ሰበብን ለማድረስ እንጂ እጅ ለማጣጠፍ አልተሰጠንም። የታመመን ሐኪም ዘንድ የምንወስደው፣ ዘሩን ዘርተን ዝናብ የምንጠብቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በሱረቱል ማኢዳህ 32ኛው አንቀጽ ላይ አንዲትን ነፍስ ማዳን ምን ያህል ከፍ ተደርጎ እንደተነገረ ሁላችንም እናውቃለን። ከፍ ያለውን ነገር የምንደርስበት መሰላል ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፤ ያልተቆለፈ ሣጥን፣ አንድ ጣውላ፣ በወር አንድ ሰዓት ልምምድ።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ በየሦስት ወሩ ከተማሪዎቼ ጋር እለማመዳለሁ። ክርኔ ሲታጠፍ ልጆቹ «መምህር፣ ክርንዎ!» እያሉ ያርሙኛል። እናንተስ መቼ ትጀምራላችሁ?

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፤ ያለፉትን ይዘንላቸው፤ የሚያክሙንንም ባለሙያዎች ያግዛቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።